ቀኑን በእኛ ቁጠሩልን

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

«ዛሬ በታሪክ» የምትሏትን ዓምድ እከታተላለሁ። ቡናው እስኪፈላ አንብቤ እጨርሳታለሁ። ደስ ትላለች። አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። የዕለቱን ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ታዩና ከፈረንጅ ዝርዝር ላይ ያገኛችሁትን ገልብጣችሁ ታወጣላችሁ። እንዲህ ሲሆን በአንድ ቀን ያልሆኑ ነገሮች አብረው ይመጣሉ፤ አብረው የዋሉት ደግሞ ይበታተናሉ።

አድዋን እንያት። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ ጊዮርጊስ ነበር። በፈረንጆቹ ማርች 1 ቀን 1896 ይላል። ዛሬ በዓሉን የምናከብረው ግን በእነሱ ማርች 2 ነው። የተሳሳተ ሰው የለም። የእኛ ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ ሳታዛንፍ 6 ትሆናለች። እነሱ ግን በ1900 ፌብሩዋሪን 29 ማድረጉን ዘለሉት። ከዚያ ወዲህ ልዩነቱ በአንድ ቀን ሰፋ። ስለዚህ «ዛሬ ማርች 1 ነው» ብሎ የእነሱን ዝርዝር የሚከፍት ሰው አድዋን የካቲት 22 ላይ ያገኛታል። አድዋን ማንም ስለማይስት ታርሟታላችሁ። ውጫሌ ላይ ግን ያው ስህተት አመለጣችሁ። ውሉ እዚሁ ወሎ፣ አምባሰል ውስጥ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። ሜይ 2ን ተከትላችሁ ሚያዝያ 24 ላይ አወጣችሁት።

የደሴው ነገር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ጣሊያን ደሴን በአውሮፕላን የደበደበው በፈረንጆቹ ዲሴምበር 6 ቀን 1935 ነው። ሆስፒታሉና የቀይ መስቀል ድንኳኖች ሳይቀሩ ተመትተዋል። ንጉሠ ነገሥቱም እዚሁ ስለነበሩ ራሳቸው መትረየስ ተኩሰዋል። በቅርቡ ጦርነት ደግሞ መንግሥት ደሴንና ኮምቦልቻን መልሶ መያዙን ያስታወቀው ዲሴምበር 6 ቀን 2021 ነው። ይህን ግጥምጥም ሰው በስልክ ሲቀባበለው አያለሁ። በእኛ አቆጣጠር ግን የመጀመሪያው ኅዳር 26 ቀን 1928፣ ሁለተኛው ኅዳር 27 ቀን 2014 ነው። ጳጉሜን 1927 ላይ 6 ስለነበረች የ1928 እንቁጣጣሽ በፈረንጁ በአንድ ቀን ዘግይቶ ገባ፤ ግጥምጥሙም በእሷ ምክንያት ፈረሰ። ወሎ ላይ ሦስተኛም አቆጣጠር አለን። የሂጅራው ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር እሱን ብንጨምርበት ደግሞ ሌላ ወሬ ይወጣዋል!

በእውነት አንድ ቀን ላይ የገጠመ ከፈለጋችሁ ሚያዝያ 27 አለላችሁ። በ1928 የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። በ1933፣ ልክ በአምስት ዓመቱ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው ገቡ። ይህን ማንም አጋጣሚ ነው ቢለኝ አልቀበልም። አዲስ አበባ ከጣሊያን እጅ የወጣችው መጋቢት 28 ነው። ከዚያ በኋላ ወር ሙሉ ነበር፤ ቀኑ ታስቦበት ነው። ደርግም ነገሩ ስለገባው ይመስለኛል በዓሉን ወደ መጋቢት 28 ያዞረው። ያ ቀን የከተማዋ ነጻ መውጣት ነው፤ ሚያዝያ 27 ግን የንጉሡ መግባት ነው። በዓሉ በኋላ ወደ ሚያዝያ 27 ተመልሷል። በየዓመቱ ይህን ታሪክ ብትጽፉልን የሚሰለቸው አንባቢ የለም። እናንተ ግን ባለፈው ሚያዝያ 27 የጻፋችሁልን ናፖሊዮን መሞቱን ነው። ነፍሱን ይማር።

ሌላው የምለው የወሎን ቀኖች ነው። ሚያዝያ ለእኛ ከባድ ወር ናት። በ1928 ጣሊያን ደሴን የያዘው ሚያዝያ 7 ነው። በ1933 ከኮምቦልቻው ውጊያ በኋላ ደሴ ከጣሊያን የተላቀቀችው ሚያዝያ 18 ነው። አዲስ አበባ ላይ ሰንደቁ ከመሰቀሉ ዘጠኝ ቀን በፊት ማለት ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ጦርነቱ አላበቃም። አምባላጌ ገና ነበር፤ ጎንደርማ እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ቆየ። በዓምዳችሁ ላይ ግን ጦርነቱ ሁሉ አዲስ አበባ ተጀምሮ አዲስ አበባ ያለቀ ነው የሚመስለው።

ልጅ ኢያሱም እንዲሁ። የደሴ ተወላጅ ናቸው። ከሥልጣን መሻራቸው የታወጀው መስከረም 17 ቀን 1909፣ በመስቀል ዕለት ነው። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ የተሸነፉት ጥቅምት 17 ነው፤ ልክ በወሩ። እነዚህንም ቀኖች አትርሱብን።

ስለዚህ ልመናዬ ቀላል ነው። ዓምዷን በእኛ ቀን ጀምሯት፤ የፈረንጁን ከጎኑ ጻፉት። ዓመተ ምሕረቱንም አትተዉብን። ሚያዝያ 18 ላይ ደሴን ካላየኋት ሁለተኛ ደብዳቤ ይደርሳችኋል፤ ያኛው እንዲህ አጭር አይሆንም።

አንባቢያችሁ፣
ከደሴ፣ ፒያሳ