ቅዳሜ የደራሲ ንግግር ለመስማት እንሂድ፦ ለመጽሐፍ ቡድናችን አባላት

ሰላም ለሁላችሁ። የፊታችን ቅዳሜ ዲሲ፣ ፖለቲክስ ኤንድ ፕሮዝ የመጻሕፍት መደብር ውስጥ አንድ የታሪክ ጸሐፊ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ስለነበረው የአሜሪካ የውጭ ፖሊሲ ይናገራል። አብረን እንድንሄድ ነው የጻፍኩት።

ንግግሩ በእኛ 11 ሰዓት፣ በፈረንጆቹ 5 ሰዓት ይጀምራል። ቫን ነስ ባቡር ጣቢያ መውጫው ላይ በ10 ሰዓት እንገናኝ። ከዚያ ኮኔቲከት ጎዳናን ይዘን ወደ ሰሜን 20 ደቂቃ ያህል በእግር ነው። መግቢያው ነጻ ነው፤ ወንበር ግን ቀድሞ ለደረሰ። ባለፈው በእኔ ማርፈድ ቆማችሁ የሰማችሁ፣ ይቅርታ፣ አይደገምም።

እኔን ከንግግሩ በላይ የሚያጓጓኝ ጥያቄና መልሱ ነው። የቃኘውን ነገር ብናነሳስ? አሜሪካ አስመራ የነበረውን ቃኘው የመገናኛ ጣቢያ የመጠቀም መብት ያገኘችው በ1953 ስምምነት ነው። በ1977 የካርተር መንግሥት በሰብአዊ መብት ምክንያት ወታደራዊ እርዳታ ሲቀንስ፣ ደርግ ጣቢያው እንዲዘጋ አዘዘ (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። ግን በሳተላይት ምክንያት ጣቢያው ያኔም ጥቅሙ ቀንሶ ነበር። ታዲያ ዋሽንግተንን ያራቃት ሰብአዊ መብቱ ነው ወይስ ጣቢያው ስላላስፈለጋት? ጥያቄው አጭር ይሁን፤ ማይክ ይዞ ንግግር የሚያደርግ ሰው አንሁን!

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ መልሱልኝ። መኪና ያላችሁ ስንት ሰው እንደምትጭኑ ጻፉ። ማን እንደሚጠይቅም እንወስን፤ እንግሊዝኛው ፈጠን ያለ ሰው ቢሆን ደስ ይለኛል።