«ቤት አለሽ» ብላችሁ ጠበቃ ለከለከላችሁኝ

ለነፃ የሕግ ድጋፍ አገልግሎት ኃላፊ፣

ሦስት ማመልከቻ አስገብቻለሁ። በሦስቱም ኮፒ ላይ የመዝገብ ቤታችሁ ማኅተም አለ። ለአንዳቸውም የጽሑፍ መልስ አላገኘሁም። ሁለት ጊዜ እርስዎን ለማነጋገር መጥቼ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ። አንድ ቀን በር ላይ አገኘሁዎት፤ «ለጸሐፊዋ ንገሪያት» ብለውኝ አለፉ። ነገርኳት። ከዚያ ወዲህም ማንም አልጠራኝም። አሁን በአደባባይ ከመጻፍ ሌላ የቀረኝ መንገድ የለም።

ማመልከቻዎቼን ያነበቧቸው አይመስለኝም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገርዎት።

16 ዓመት በትዳር ኖሬያለሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ቤታችንን ስንሠራ እኔ ልብስ እሰፋ ነበር፤ ለብሎኬቱም ለቆርቆሮውም የስፌት ገንዘቤ ገብቷል። ካርታው የወጣው ግን በባለቤቴ ስም ነው። ያኔ ምንም አልመሰለኝም፤ ሰው በትዳሩ ላይ እያለ ይህን አያስብም። አብሮ መኖር አልሆን ሲለን ልጆቼን ይዤ እናቴ ቤት ገባሁ። በሳምንቱ የግቢው ጓጉንቸር ተቀየረ። የምሠራበት ሲንጀር እስከ ዛሬ እዚያው ውስጥ ነው።

ጠበቃ ጠየቅኩ፤ የነገሩኝ ክፍያ ከአቅሜ በላይ ነው። እናንተ ዘንድ ነፃ ጠበቃ እንዳለ የነገረችኝ ጎረቤታችን ናት። መጣሁ። «ከወረዳ የድህነት ማስረጃ አምጪ» ተባልኩ።

ወረዳ ፎርም የሚሞላው ልጅ «ቤት አላችሁ?» አለኝ። «በባለቤቴ ስም አለ፤ ግን ተቆልፎብኛል፤ የምከራከረውም ስለ እሱ ነው» አልኩት። የጻፈው አንዲት ቃል ብቻ ነው። «አለ።» ሲጽፋት ቆሜ አይቻለሁ። ደብዳቤውን ይዤ ስመለስ የናንተዋ ባለሙያ ሙሉውን አላነበበችውም። ጣቷን እዚያች ቃል ላይ አደረገችና «እህቴ፣ ቤት ያለው ሰው እኮ ደሃ አይባልም» ብላ ወረቀቱን በመስኮቱ መለሰችልኝ።

ኃላፊ፣ እርስዎ የሕግ ሰው ነዎት። የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992ን፣ ከእኔ በላይ ያውቁታል። አንቀጽ 63 ንብረት በአንዱ ተጋቢ ስም ቢመዘገብም የግሉ መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ይላል። በፍቺ ጊዜ የጋራው እኩል ይካፈላል። ስለዚህ ግማሹ ቤት የእኔ ነው፤ የምከራከረውም ለዚሁ ነው። ግን ያን ግማሽ የማገኘው በፍርድ ነው። ፍርድ ቤት የሚቆምልኝ ጠበቃ ያስፈልገኛል። እናንተ ጠበቃውን የከለከላችሁኝ ደግሞ ገና እጄ ባልገባው ግማሽ ነው። የተቆለፈብኝን ቤት ሸጬ ጠበቃ ልቀጥር አልችልም። አከራይቼም አልችልም።

ፍርድ ቤቱ ይህን ተረድቶታል። የዳኝነት ክፍያ መክፈል ስላልቻልኩ በደሃ ደንብ ለመክሰስ አመለከትኩ። ዳኛዋ ያንኑ የወረዳ ደብዳቤ አነበቡ፣ ዛሬ እጄ ላይ ምን እንዳለ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው፣ ፈቀዱልኝ። ደብዳቤው አንድ ነው። ፍርድ ቤት ደሃ ብሎ የተቀበለኝን እናንተ ባለ ንብረት ብላችሁ መለሳችሁኝ።

ክሱን ያለ ጠበቃ አስገባሁ። የጻፈልኝ ፍርድ ቤት በር ላይ የሚሠራ ራፖር ጸሐፊ ነው። እሱን አልወቅሰውም፤ የነገርኩትን ጻፈ። ባለቤቴ በጠበቃ መልስ ሲሰጥ አንድ የብድር ውል አያይዞ አቀረበ። ከመለያየታችን ጥቂት ወራት በፊት ከወንድሙ ተበድሬያለሁ ይላል። ዕዳው የጋራ ነው ከተባለ ከቤቱ ድርሻዬ ምንም አይተርፈኝም። ውሉ ላይ የባለቤቴ ፊርማ አለ። የወንድሙ አለ። የምስክሮቹ አለ። የእኔ የለም። ስለ ብድሩ የሰማሁት ገና ያን ቀን ነው።

አሁን ሕጉን አውቄዋለሁ። በአንቀጽ 68 መሠረት አንዱ ተጋቢ ሕጉ ካስቀመጠው መጠን በላይ ለመበደር የሌላው ስምምነት ያስፈልገዋል። ያለ ስምምነቱ ከተበደረ ደግሞ አንቀጽ 69 ውሉ እንዲፈርስ ፍርድ ቤትን ለመጠየቅ መብት ይሰጣል። ግን ቀነ ገደብ አለው። ካወቅኩበት ቀን ጀምሮ 6 ወር፤ በማናቸውም ሁኔታ ውሉ ከተደረገ 2 ዓመት።

ይህን ማንም አልነገረኝም። ውሉን ያየሁት ጥቅምት ላይ ነው። ኅዳር ላይ የውሉን ኮፒ አያይዤ ሁለተኛውን ማመልከቻ ለእናንተ አስገባሁ። የካቲት ላይ ሦስተኛውን።

ሰኔ ላይ ሰው ጠቁሞኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከል ሄድኩ። አንድ ተማሪ ወረቀቶቼን ከፌስታል አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። ውሉ ላይ ሲደርስ «ይህን መጀመሪያ ያዩት መቼ ነው?» አለኝ። «ጥቅምት» አልኩት። በጣቶቹ መቁጠር ጀመረ። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ። እዚያ ላይ ጣቱን አጠፈና ዝም አለ። ምን እንደሆነ ገና ሳይነግረኝ ገባኝ።

ያ ልጅ ገና ተማሪ ነው። ለማየት የፈጀበት ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። የዚያው ውል ኮፒ ከኅዳር ጀምሮ የእናንተ መዝገብ ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ኅዳር ላይ አንድ ባለሙያ ቢገልጠው ገና አምስት ወር ነበረኝ። የካቲት ላይ ቢገልጠው ሁለት ወር ነበረኝ። አሁን የቀረኝ ብድሩ ለቤተሰቡ ጥቅም አልዋለም ብዬ መከራከር ነው። እሱም ማስረጃ ይፈልጋል፤ ወረቀቱ ሁሉ ያለው ባለቤቴና ወንድሙ ዘንድ ነው።

ሌላም ያመለጠኝ አለ። ፍቺው እስኪወሰን ድረስ ፍርድ ቤቱ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆች አያያዝና ስለ ንብረቱ አስተዳደር ወዲያውኑ ትእዛዝ እንደሚሰጥ ሕጉ ላይ አለ። እኔ አልጠየቅኩም። መጠየቅ እንዳለብኝ አላወቅኩማ! እነዚያን ወራት ልጆቼን ያሳደግነው በእናቴ ጡረታ ነው።

ጠበቃ ያንሰናል ሊሉኝ ይችላሉ። የጥብቅና አዋጁ፣ ቁጥር 1249/2013፣ ጠበቆች በነፃ እንዲያገለግሉ ግዴታ ይጥላል። ያን ግዴታ ከእኔ ዓይነቷ ጋር የሚያገናኘው የእርስዎ ቢሮ ነው። በወንጀል ለተከሰሰ አቅመ ቢስ መንግሥት ጠበቃ ያቆማል፤ ተገቢ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ወንድና ሴት በፍቺ ጊዜ እኩል መብት አላቸው ብሏል። እኔ ግን በየቀጠሮው ከባለቤቴ ጠበቃ ፊት ብቻዬን እቆማለሁ። ዳኛዋ «የሚጨምሩት አለ?» ሲሉኝ ምን መጨመር እንዳለብኝ አላውቅም።

ፎርማችሁን ቀይሩት። «ቤት አለሽ ወይ?» ሳይሆን «ዛሬ በእጅሽ ያለ፣ ልታዢበት የምትችዪው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ክርክር ያለበትን ንብረት እንደ ሀብት አትቁጠሩብን። ጠበቃ አይገባትም ያላችኋትን ሴት እንኳ ከመመለሳችሁ በፊት ወረቀቷን አንድ ሰው ያንብብላት፤ የሚያልፍባት ቀን ካለ ይንገራት።

የእኔ ቀጣይ ቀጠሮ በሚቀጥለው ወር ነው። ከዚያ በፊት ጠበቃ ይመደብልኝ። እምቢ የሚሉ ከሆነም ምክንያቱን በጽሑፍ አድርገው፣ ፈርመውበት፣ ማኅተም አሳርፈውበት ይስጡኝ። እስካሁን የተነገረኝ ሁሉ በመስኮት ነው፤ ይግባኝ የምልበት አንድ ወረቀት እንኳ የለኝም።

አመልካቿ