ለአዊኛ ተናጋሪ ልጆቻችን አንድ የመምህር መደብና አንድ ክፍል

የተከበሩ አዘጋጅ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በባሕር ዳር ከተማ የምንኖር፣ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ የሆነውን አዊኛን የምንናገር ወላጆች ልጆቻችንን የአፍ መፍቻ ቋንቋችንን ለማስተማር ስንሞክር የገጠመንን ለማስረዳትና፣ የክልሉ ምክር ቤት የሚመጣውን ዓመት በጀት ከማጽደቁ በፊት ጉዳዩ የሚመለከታቸው ኃላፊዎች እንዲመክሩበት ለማሳሰብ ነው። ተወልጄ ያደግሁት በባንጃ ወረዳ ሲሆን፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በበጀት ሥራ አገልግያለሁ፤ ስለዚህ የምጠይቀው ነገር ከየትኛው ቋት እንደሚወጣ ሳላሰላ አልጠየቅሁም።

ካለፈው ዓመት መጋቢት ወር ጀምሮ አሥራ አራት ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እየተሰበሰቡ በአዊኛ ማንበብና መጻፍ ይማራሉ። የምታስተምራቸው በሙያዋ መምህርት የሆነች የአገራችን ልጅ ናት፤ በሥራ ቀናት ሒሳብ በአማርኛ ስታስተምር ትሰነብትና ቅዳሜን ያለ አንዳች ክፍያ ለእኛ ትሰጣለች። መጀመሪያ የምንሰበሰበው በአንድ ቤተሰብ ግቢ ውስጥ ከማንጎ ዛፍ ሥር ነበር። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲበረታ በጽሑፍ አመልክተን በአካባቢያችን የሚገኝ አንድ አዳራሽ በቃል ተፈቀደልን። ሦስት ቅዳሜ ተጠቀምንበት። በአራተኛው ቅዳሜ ስንደርስ በሩ ተቆልፏል፤ ቁልፍ ያዡን በስልክ ስናገኘው አዳራሹ ለስብሰባ መፈለጉን፣ ለእኛም እንዲከፍት የሚያዝዝ ወረቀት እንዳልደረሰው ነገረን። ልጆቹ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከጣሪያው ክፈፍ ሥር በደረጃው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፤ መምህርቷም የፊደል ገበታውን በበሩ እጀታ ላይ አንጠልጥላ የዕለቱን ትምህርት አስተማረች። በቁልፍ ያዡ አልፈርድም፤ ወረቀት የሌለው ሰው በገዛ ሥልጣኑ የመንግሥት በር እንዲከፍት አይጠበቅበትም። ይሁን እንጂ ከዚያ ቀን በኋላ ልጆቹ ወደ ትምህርቱ በመጡ ቁጥር የሚጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ «ዛሬ ይከፈትልናል?» የሚል ሆነ።

መጽሐፍም እንዲሁ ነው። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን አዊኛ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ቋንቋ ስለሆነ የመማሪያ መጻሕፍት ተዘጋጅተዋል፤ የሚከፋፈሉት ግን በዞኑ ውስጥ ባሉ ትምህርት ቤቶች የተማሪ ቁጥር ልክ ነው። ከዞኑ ርዕሰ ከተማ ከእንጅባራ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ባሕር ዳር በስርጭቱ ዝርዝር ውስጥ ስለሌለች፣ እኛ የምንጠቀመው ዘመድ ሲመጣ በቦርሳው ይዞልን በሚመጣው ያረጀ ቅጂ ነው። አንድ ጊዜ የልምምድ ወረቀት ለማስተየብ ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ነበር። የቋንቋችን ስም በራሳችን አጠራር «አውጚ» ነው፤ የመጨረሻዋ ፊደል በአማርኛ ገበታ የሌለች፣ በአፍንጫ የሚወጣውን ድምፃችንን ለመጻፍ በ«ጊ» ላይ ምልክት ተጨምሮባት የተገኘች ናት። የምትተይበው ልጅ ብትፈልግ ብትፈልግ በኮምፒውተሯ ላይ አላገኘቻትምና በየቦታው «አውጊ» እያለች ጨረሰችው። ማታ ቤቴ ተቀምጬ በአሥራ አራቱም ቅጂ ላይ ምልክቷን በእስክሪብቶ ስጨምር አመሸሁ። በማግሥቱ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ወረቀቷን አተኩራ አይታ «ይቺን ፊደል ትምህርት ቤት አላየኋትም፤ የእኛ ብቻ ናት?» አለችኝ። የእኛና የዘመዶቻችን ናት አልኋት። በቀረው ሰዓት ሁሉ ሌላ ነገር አልጻፈችም፤ ገጹን በዚያች ፊደል ሞላችው።

ሕጉን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. ሲጸድቅ በአንቀጽ 5 ሁሉም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በመንግሥት ዘንድ እኩል ዕውቅና እንዲኖራቸው ደንግጓል፤ አንቀጽ 39 በቋንቋ የመናገር፣ የመጻፍና ቋንቋን የማሳደግ መብትን አረጋግጧል፤ ከዚያም በፊት የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ መንገዱን ከፍቷል። የክልላችን ሕገ መንግሥትም ለአዊ፣ ለኽምራና ለኦሮሞ ብሔረሰቦች የራሳቸውን ምክር ቤትና አስተዳደር ሰጥቷቸዋል። ከዚህ የተገኘው ጥቅም ትልቅ ነው፤ አልክደውም። ችግሩ መብቱ የተሰጠው ለሕዝብ ሆኖ ሳለ በጀቱ የተሰጠው ለመሬት መሆኑ ነው። አንድ ልጅ ዳንግላ ወይም እንጅባራ ሲኖር በቋንቋው መጽሐፍ፣ መምህርና ክፍል ይኖረዋል፤ አባቱ ለሥራ ወደ ክልሉ ርዕሰ ከተማ በተዛወረ ማግሥት ግን ያ ልጅ ለበጀት ሥርዓቱ አዊኛ ተናጋሪነቱ ይቀራል። የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ከዚችው ከተማ በአዊኛ፣ የኽምራ ብሔረሰብ ቋንቋ በሆነው በኽምጣናና በኦሮምኛ ጭምር ያሰራጫል። ድምፁ ከባሕር ዳር ይነሣል፤ በባሕር ዳር የተወለደው የአዊ ልጅ ግን ያንን ድምፅ በጽሑፍ ቢያየው ማንበብ አይችልም።

በበጀት ሥራ የቆየ ሰው የሚያውቀውን አንድ ነገር እዚህ ላይ ልግለጽ። ገንዘቡ ከፌዴራል መንግሥት በድጎማ መልክ ለክልል፣ ከክልል ደግሞ በቀመር ለወረዳና ለከተማ አስተዳደር ይወርዳል። ከታች ሲደርስ አብዛኛው ደመወዝ ነው፤ የሚተርፈው የሥራ ማስኬጃ ኖራና ወረቀት ገዝቶ ያልቃል። በዚህ አሠራር ውስጥ የተፈቀደ የሥራ መደብ ያለው ነገር በየዓመቱ ሳይጠየቅ ይቀጥላል፤ መደብ የሌለው ነገር ግን በየዓመቱ እንደ አዲስ ይለመናል። ለቋንቋና ለባህል በሚል የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ በአብዛኛው ለአንድ ቀን ዝግጅት፣ ለባነርና ለመስተንግዶ የሚውል ነው። በየዓመቱ ጥር 23 የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ፤ ፈረሶቹ ሲጋልቡ አሁንም ዓይኔ እንባ ያቀርራል። ይሁንና በዓሉን ለማየት ከባሕር ዳር የወሰድናቸው ልጆች ሽማግሌዎቹ የሚመርቁበትን ቃል እንድንተረጉምላቸው እጃችንን ሲጎትቱ፣ የጎደለው ምን እንደሆነ ቆም ብዬ ለማሰብ ተገድጃለሁ።

ፍርሃቴ የተጋነነ የሚመስለው ሰው ካለ ጣና ዳር እንዲወርድ እጋብዘዋለሁ። በደንገል ታንኳ ሥራቸው የምናውቃቸው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ዛሬ አፋቸውን የሚፈቱት በአማርኛ ነው። በ1770 እ.ኤ.አ. ገደማ በዚህ አካባቢ ያለፈው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ወይጦዎች በአገሪቱ ካሉት ከሌሎቹ ቋንቋዎች ፈጽሞ የተለየ ቋንቋ እንደነበራቸው ጽፏል። በ1907 እ.ኤ.አ. ስለ እነርሱ የጻፈው ጀርመናዊው ኦይገን ሚትቮህ ግን ሁሉም አማርኛ ተናጋሪ መሆናቸውን መዝግቧል። በ1928 እ.ኤ.አ. የመጣው ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል ደግሞ አንድ ወይጦ በጠፋው ቋንቋ ሲያዜም ሰማ፤ ያ ሰው የሚያዜመውን ራሱ አያውቀውም ነበር፤ ከመካከሉ የቀሩት የጉማሬን የአካል ክፍሎች የሚጠሩ ጥቂት ቃላት ብቻ ነበሩ። ዜማውን በጽሑፍ ያስቀረ ሰው የለም። የቋንቋው ዝምድና ከአገው ይሁን ከሌላ የሚነግረን ማስረጃ እንኳ ሳይተርፍ፣ ከእኛው ደጅ፣ አንድ ቋንቋ እንዲህ ሄደ። ያንን ታሪክ ካነበብሁ በኋላ የማስበው ስለ ዜመኛው ነው፤ ቃሉን ከአባቱ ሰምቶ ትርጉሙን ሳይጠይቅ ወይም ጠይቆ የሚመልስለት አጥቶ፣ አፉ የያዘውን ልቡ ሳያውቀው ኖረ። በየእሑዱ አያታቸውን በስልክ ሲያነጋግሩ ሰላምታውን ብቻ አዊኛ ብለው ቀሪውን በአማርኛ የሚጨርሱት ልጆቻችንም ከዚያ ሰው ብዙ የራቁ አይመስለኝም።

ስለ ነገደ ወይጦ ካነሣሁ አይቀር፣ ለእነርሱም የሚገባቸው ነገር አለ። ጣና ከእነደንገሉ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ደንገሉን ቆርጦ፣ አድርቆና አስሮ ታንኳ የሚያደርገው ሰው ግን ሙያውን ለልጁ የሚያሳይበት፣ የሠራውን የሚያስቀምጥበት አንድ ክፍል የለውም። ደንገሉ በእርሻ መስፋፋትና በእምቦጭ ወረራ እየተመናመነ ሲሄድ የሙያው ቃላትም አብረውት ይሳሳሉ። ከተማዋ በኮሪደር ልማት የሐይቁን ዳርቻ እያስዋበች ባለችበት በዚህ ወቅት፣ ከሚገነቡት መዝናኛዎች መካከል አንዲቱን ክፍል ለዚህ ማኅበረሰብ መተው ከባድ አይደለም። ሙሉዓለም የባህል ማዕከልን የመሰለ ትልቅ መድረክ አለን፤ አያት ከልጅ ልጁ ጋር ቁጭ ብሎ ደንገል የሚያስርባት ትንሽ ክፍል ግን የለችንም።

ሁለት ተቃውሞዎች ደጋግመው ይቀርቡልኛል። አንደኛው ጦርነትና ችግር ባለበት፣ በክልላችን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ በራቁበት ጊዜ ይህን መጠየቅ ቅንጦት ነው የሚል ነው። ይህን የሚሉኝን ሰዎች አከብራለሁ፤ የተዘጉት ትምህርት ቤቶች መከፈት ከሁሉም እንደሚቀድም እኔም አምናለሁ። ነገር ግን እኛ የምንጠይቀው የሌላውን ልጅ ወንበር አይደለም፤ ቅዳሜ ባዶ የሚውለውን ወንበር ነው። ከተዘጉ አካባቢዎች ተፈናቅለው ወደ ባሕር ዳር ከመጡት ቤተሰቦች መካከልም በቋንቋቸው ይማሩ የነበሩ ልጆች እንዳሉ መዘንጋት የለበትም።

ሁለተኛው ልጆቹ አማርኛቸው ይጎዳል፣ አብሮነታችንም ይላላል የሚል ነው። እኔ ትምህርት ቤት እስክገባ ድረስ አማርኛ አላውቅም ነበር። በዚያን ዘመን ትምህርቱ ሁሉ በአማርኛ ስለነበር የመጀመሪያውን ዓመት በዝምታ አሳለፍሁት፤ መልሱን እያወቅሁ የምመልስበት ቃል ስላልነበረኝ ከሰነፎች ተቆጥሬ ክፍሉን ደገምሁ። አማርኛን በኋላ ተማርሁት፣ ወደድሁትም፤ ዕድሜዬን ሁሉ የሠራሁት፣ ይህንንም ደብዳቤ የምጽፈው በእርሱ ነው፤ አዊኛዬ አንድም ቀን እንቅፋት አልሆነበትም። አማርኛ ራሱ ከአገው ቋንቋዎች ብዙ ወርሶ ያደገ መሆኑን የቋንቋ ምሁራን ይስማሙበታል። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ የትምህርት ፖሊሲም ልጆች ከአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ጋር ሌላ የአገሪቱን ቋንቋ እንዲጨምሩ የሚያበረታታ ነው፤ ሁለት ቋንቋ ያለው ልጅ ለማንም ስጋት ሆኖ አያውቅም።

ስለዚህ ለክልሉ ትምህርት ቢሮ፣ ለፋይናንስ ቢሮና ለከተማ አስተዳደሩ የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። ከሐምሌ 1 ጀምሮ በሥራ ላይ በሚውለው መደበኛ በጀት ለባሕር ዳር ከተማ አንድ የአዊኛ መምህር የሥራ መደብ ይፈቀድ፤ መምህሩ ወይም መምህርቷ በሁለትና በሦስት ትምህርት ቤቶች እየተዘዋወሩ ከመደበኛው ፈረቃ ውጭና ቅዳሜ እንዲያስተምሩ ይደረግ። ከነባር የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በአንዱ ቅዳሜ ባዶ የሚሆን አንድ ክፍል በደብዳቤ ይሰጠን፤ ቁልፉም መደቡን በያዘው ሰው እጅ ይሁን። የመጽሐፍ ስርጭቱ ዝርዝር ላይ ባሕር ዳር ትጨመር፤ ለጥቂት ደርዘን ልጆች የሚበቃ መጽሐፍ ከሚታተመው ላይ ቢቀነስ አይታወቅም። ኽምጣናና ኦሮምኛ ተናጋሪ ወላጆችም ልጆቻቸውን አስመዝግበው ተመሳሳይ ቁጥር ሲያቀርቡ ይኸው አሠራር ለእነርሱም እንዲሠራ በመመሪያ ይካተት፤ ዛሬ ለእኛ በችሮታ ተሰጥቶ ነገ በሌላ ኃላፊ የሚሻር ነገር አንፈልግም። የወላጆች ድርሻ ምን እንደሆነ ለሚጠይቀን፣ ጠረጴዛና ጠመኔ፣ የጥበቃ አበልም ጭምር ለማዋጣት ተስማምተን ተፈራርመናል።

የልጆቹ ስም ዝርዝር ከነዕድሜያቸውና ከነትምህርት ቤታቸው ተዘጋጅቶ በእጃችን ይገኛል፤ ለሚጠይቀን መሥሪያ ቤት በዚያው ቀን እናስረክባለን። ዝናቡ እስኪገባ ድረስ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ከማንጎው ሥር ነን፤ መጥቶ ለማየት ፈቃደኛ የሚሆን ኃላፊ ካለ የግቢው በር አይቆለፍም።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የበጀት ባለሙያና የአዊኛ ተናጋሪ ልጆች አያት፣
ባሕር ዳር