ሁለቱ ኦገሮች፦ የእንግሊዝኛ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ አንድ ሥራ ብቻ ያዘ፤ ድምፃቸው እየተመሳሰለ ፍችያቸው የማይገናኝ፣ ብዙም የማይሰሙ የእንግሊዝኛ ቃላትን መፈለግ። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ቤተ መጻሕፍት እንሰበሰባለን። መዝገበ ቃላት ገልጠን የቃሉን ሥር እናወጣለን።

ነገሩን ያስጀመረችው አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ድርሰቷ ላይ «ክፍላችን ኖይሰም ነው» ብላ ጻፈች። ጫጫታ «ኖይዝ» ስለሚባል ክፍሉ ጫጫታ ይበዛበታል ማለቷ ነበር። ግን ቃሉ ከኖይዝ ጋር አይዛመድም። የመጣው ማስቸገር ከሚለው «አኖይ» ነው። ዛሬ በብዛት የሚነገረው ለመጥፎ ሽታ ነው። ይህን ስታውቅ በዚያው ሳምንት ክበቡን ተቀላቀለች።

ዓመቱን ሙሉ ያልለቀቀን ግን ኦገር ነው። ሁለት ኦገር አለ። ሲነገሩ አንድ ናቸው፤ ሲጻፉ አራተኛው ፊደል ላይ አንዱ «ኢ»፣ ሌላው «ዩ» ይሆናል። በ«ዩ» የሚጻፈው የጥንት ሮማ ካህን ነው፤ የወፎችን በረራ አይቶ ገዱን የሚናገር። በ«ኢ» የሚጻፈው መሰርሰሪያ ነው። አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ከአባቱ የእንጨት ሥራ ቤት አንዱን አመጣልን። መያዣው በእጅ ብዛት ለስልሷል፤ ብረቱ እንደ ብሎን ተጠማዟል። የጥንቱ ስም በ«ን» ይጀምር ነበር፤ የመንኮራኩር እምብርት የሚበሳ ጦር ማለት ነው። ሰዉ «ኧ ኖገር» ሲባል «ኧን ኦገር» እያለ ሰማው። «ን» ከስሙ ተነቅላ ከፊቱ ላለው ቃል ሄደች። ሽርጥ የሚባለው «ኤፕረን»ም «ን»ውን ያጣው እንዲሁ ነው።

ዱቄትና አበባ ግን የዚህ ተገላቢጦሽ ናቸው። ሁለቱም «ፍላወር» ናቸው፤ ድሮም አንድ ቃል ነበሩ። የስንዴው ምርጥ ዱቄት የእህሉ አበባ ተባለ። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መዝገበ ቃላት እንኳ አጻጻፋቸው አልተለየም።

የሳምንቱን ጥንድ በሚኒ ሚዲያ ስናቀርብ ተቸገርን። በድምፅ ማጉያ ሁለቱ ኦገሮች እንዴት ይለያሉ? ልጆቹ ፍችውን በአማርኛ እየተናገሩ፣ አጻጻፉን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እየለጠፉ ተወጡት። በእረፍት ሰዓት ሰሌዳው ሥር ተማሪ ተኮልኩሎ ሳይ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ሚያዝያ ላይ ያችው የ9ኛ ክፍል ልጅ ወደራሳችን ቋንቋ መለሰችን። በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ሰረቀ ሌብነት ነው። በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ግን ሠረቀ በግእዝ ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ ምሥራቅ የመጣው ከዚህ ነው። ድኅነት በብዙኃኑ ኀ መዳን ነው፤ በሃሌታው ሀ ደግሞ ማጣት። ያን ቀን እስኪመሽ ከቤተ መጻሕፍት አልወጣንም።

ደብተራችን አሁን 26 ጥንድ ይዟል። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ፣ በመስኮቱ በኩል ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ከኋላ ባዶ ገጾች ትተናል፤ አዲስ ጥንድ ያገኘ ይጻፍበት።