«ብረት ለበስ» ሁሉ ታንክ አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በቡራዩ የምኖር፣ ረጅም ዘመን በሠራዊቱ የተሽከርካሪ ጥገና ክፍል ያገለገልኩ ጡረተኛ ነኝ። ባለፈው እትማችሁ ፀረ ታንክ ጠመንጃ «ማንኛውንም ብረት ለበስ ይበሳል» የሚል ጽሑፍ አንብቤ፣ የሰፈራችን ወጣቶችም ይህንኑ እንደ እውነት ይዘው ሲከራከሩ ስለ ሰማሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

መሣሪያው በዘመኑ ሥራውን ሠርቷል። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1918 የመጀመሪያውን ባለ 13.2 ሚሊሜትር ማውዘር ሲያወጡ የታንክ ብረት ገና ስስ ነበር። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ጦር ደምበጓና ላይ የገጠማቸው የጣሊያን ትንንሽ ታንኮችም ውፍረታቸው ከ15 ሚሊሜትር አይበልጥም ነበር፤ ወገኖቻችን ከኋላ እየቀረቡ እላያቸው ላይ በመውጣት ድል አደረጓቸው እንጂ እንዲህ ያለ ጠመንጃ ቢኖራቸው ኖሮ ያን ያህል ደም ባልፈሰሰ ነበር።

ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1941 ያወጡት ባለ 14.5 ሚሊሜትር ጠመንጃ ርዝመቱ ሁለት ሜትር፣ ክብደቱ 17 ኪሎ ገደማ ሆኖ፣ ከ100 ሜትር 40 ሚሊሜትር የሚያህል ቀጥ ያለ ብረት ይበሳ ነበር። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1943 በታንኮቻቸው ጎን ስስ ላሜራ ያንጠለጠሉት ይህን ጥይት ፈርተው ነው። ነገር ግን ከጦርነቱ በኋላ የመጣው የሶቪየት ታንክ የቲ-55 የፊት ብረት 100 ሚሊሜትር ሲሆን በ60 ዲግሪ ስለተጋደመ ጥይቱ የሚያቋርጠው ውፍረት ወደ 200 ይደርሳል። ይህን ለመብሳት የሚበቃ ጉልበት ያለውን ጠመንጃ ደግሞ የሰው ትከሻ አይችለውም፤ በጥይቱ ፍጥነት ሳይሆን በፈንጂው ኃይል ብረት የሚበሳው አር ፒ ጂ ቦታውን የወሰደው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ማለት ግን ጥይቱ ከንቱ ሆኗል ማለት አይደለም። ኔቶ የቀላል ብረት ለበሶችን 4ኛ የመከላከያ ደረጃ የሚለካው ዛሬም በዚሁ ባለ 14.5 ሚሊሜትር ብረት በሺ ጥይት፣ ከ200 ሜትር ርቀት ነው። እኔ ራሴ በጥገና ላይ ሳለሁ ጎኗን በዚህ ጥይት የተመታች ቢ ቲ አር የምትባል የወታደር ማጓጓዣ ብረት ለበስ ገብታልን ነበር፤ ቀዳዳው አመልካች ጣቴን ያለ ችግር ያስገባል፤ ጠርዙ ወደ ውስጥ ተቀዶ እንደ እሾህ ቆሟል፤ ከቀዳዳው ትይዩ ያለው የወታደር መቀመጫም ተሰንጥቋል። ያንን መቀመጫ አይቶ ቢ ቲ አርን ታንክ ብሎ የሚጠራ ሰው አይኖርም።

ስለዚህ አዘጋጆቹ ጽሑፉን እንዲያርሙ፣ ወደፊትም «ብረት ለበስ» ሲሉ ታንክ ይሁን የወታደር ማጓጓዣ ለይተው፣ የብረቱን ውፍረትና የተኩሱን ርቀት አብረው እንዲጽፉ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከቡራዩ፣ አንድ የቀድሞ ሠራዊት ጥገና ባለሙያ