«ተረጋገጠ» ከማለታችሁ በፊት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

«የተከሳሹ ዕድሜ በጥርስ ምርመራ 18 ዓመት መሆኑ ተረጋገጠ» የሚል ዜና ሲወጣ ይታያል። «ተረጋገጠ» የምትለዋ ቃል ናት ያስጻፈችኝ። ጥርስ የልደት ቀን አይናገርም፤ ከዚህ እስከዚህ ብሎ ነው የሚገምተው። ግምቱ ሰፋ የሚለው ደግሞ ፍርድ ቤት አጥብቆ በሚፈልገው 18 ዓመት አካባቢ ነው።

በልጅነት ብዙ ጥርስ አብሮ ስለሚያድግ አንዱ የሌላውን ስህተት ያርማል። እስከ 15 ዓመት ገደማ ግን የአብዛኞቹ ጥርሶች ሥር ጫፉ ተዘግቶ ያልቃል፤ የሚቀረው የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ብቻ ነው። እሱም አመለኛ ነው። አንዱ ጋ በ17 የተዘጋው ሥር ሌላው ጋ ከ21 ያልፋል፤ ጭራሽ የማያበቅሉም አሉ።

እ.ኤ.አ. በ2008 የጣሊያኑ ካሜሪዬሬና ባልደረቦቻቸው ያወጡት ዘዴ ይህን ጥርስ በራጅ ይለካል። የሁለቱ ሥሮች ጫፍ ክፍተት በውስጥ በኩል ይለካና ይደመራል፤ ድምሩ ለጥርሱ ርዝመት ይካፈላል። ከ0.08 በታች ከሆነ 18 ሞልቷል ይባላል። ክፍተቶቹ 0.9 እና 0.8 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 19 ሚሊ ሜትር ይሁን እንበል። 1.7 ለ19 ሲካፈል 0.089 ነው፤ ልጁ ለአካለ መጠን አልደረሰም። ለኪው መስመሩን ጥቂት አጥብቦ ድምሩን 1.5 ካደረገው 0.079 ይመጣል፤ ያው ልጅ አዋቂ ሆኖ ቁጭ! ልዩነቱ 0.2 ሚሊ ሜትር ነው። ጥርሱ ተጋድሞ ከበቀለ ወይም ልጁ ራጅ ሲነሣ ከተነቃነቀ የሥሩ ጫፍ ይደበዝዛል፤ ያኔ 0.2 መሳት ምንም አይደንቅም። ለዚህ ነው ሁለት ባለሙያዎች ለየብቻ፣ መዝገቡ ላይ የተጻፈውን ዕድሜ ሳያዩ መለካት ያለባቸው።

የአዋቂ አስከሬን ሲሆን ሌላ ጣጣ አለ። የአዋቂን ዕድሜ ከጥርስ የሚገምተው የላሜንዲን ቀመር የድድ መሸሽንና የሥሩን ብርሃን አሳላፊነት በሥሩ ርዝመት መቶኛ ወስዶ፣ የመጀመሪያውን በ0.18፣ ሁለተኛውን በ0.42 አባዝቶ 25.53 ይደምርበታል። ሁለቱም ዜሮ ቢሆኑ እንኳ 25 ዓመት ተኩል ይወጣል። የ20 ዓመት ወጣት አስከሬን በዚህ ቀመር 20 ሊባል አይችልም ማለት ነው።

ዘጋቢዎቻችሁ የታየው ጥርስ የትኛው እንደሆነ፣ በምን ዘዴ እንደተለካ፣ ግምቱም ከስንት እስከ ስንት ዓመት እንደሆነ ይጠይቁልን። ዜናውም ላይ ሁለቱን ቁጥሮች አብረው ያውጡ።

ከአክብሮት ጋር
የፎረንሲክ ጥርስ ሕክምና ባለሙያ