የብስኩቱን አሰራር በኛ ብርጭቆና በኛ እሳት ጻፉልን

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ሰዎች፣ ጤና ይስጥልኝ እንዴት ሰነበታችሁ።

ጎንደር ማራኪ ነው የምኖረው፣ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ጋዜጣችሁን ባለቤቴ ከፒያሳ ሲመለስ ይዞት ይገባል፣ እኔ ደግሞ መጀመሪያ የምገልጠው የቤት ውስጥ ሙያ ገጹን ነው። ባለፈው ያወጣችሁትን የብስኩት አሰራር ደስ ብሎኝ ማንበብ ጀምሬ ኦቨኑን 180 ዲግሪ አሙቁ፣ ቅቤውን በግራም መዝናችሁ በሚክሰር ምቱ የሚለው ጋ ስደርስ ቆምኩ። እኛ ሰፈር ሚዛን ያለው ባለሱቁ ጋ ብቻ ነው፣ ኦቨን ያለው ሰው ቤትም ቢሆን መብራት ከጠፋ ያው ነው። ቡና ልትጠጣ የመጣችው ጎረቤቴ አብራኝ አይታው "ተይው ይሄ ለኛ አይሆንም" ብላ ጋዜጣውን አጠፈችው፣ እኔን ያሳዘነኝ እሱ ነው፣ ይቺ ሴት እኮ ለበዓል ድፎ ስትደፋ የዳቦው ሽታ ሰፈሩን የሚጠራላት ሰው ናት እንዴት ብስኩት ያቅታታል?

የማወራው በዘይት ስለሚጠበሰው የበዓል ብስኩት አይደለም፣ ስለሚጋገረው ነው፣ ልጆች ኩኪስ የሚሉት። እኔ ቤት በየአስራ አምስት ቀኑ በኦቫልቲን ይጋገራል፣ ማይሎም ይሆናል ሁለቱም ያው ናቸው፣ ወተት ውስጥ የምንበጠብጠው የቸኮሌት ዱቄት ማለቴ ነው። ልጆቼ ለትምህርት ቤት መክሰስ ይዘውት ይሄዳሉ፣ ምን እንደገባበት ደግሞ አውቃለሁ።

አሰራሩን ልንገራችሁ። የውሃ መጠጫ ብርጭቆ ውሰዱ። ሁለት ብርጭቆ ፉርኖ ዱቄት፣ ግማሽ ብርጭቆ ኦቫልቲን፣ ሲሶ ብርጭቆ ስኳር፣ ባለ 250 ግራሙ የገበታ ቅቤ ካለ ግማሹ፣ አንድ እንቁላል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ቁንጥር ጨው። ስኳሩን አሳንሼ የጻፍኩት ተሳስቼ አይደለም፣ ኦቫልቲኑ ራሱ ስኳር አለበት። ቅቤውን ክፍል ውስጥ አሳድሮ ለስለስ ሲል ከስኳሩ ጋር በእንጨት ማንኪያ ነጣ እስኪል መምታት ነው፣ ሚክሰር አያስፈልግም ክንድ ይበቃል፣ ከዛ እንቁላሉን፣ ከዛ ተነፍቶ የተቀላቀለውን ዱቄት። ኦቫልቲኑን መንፋት የግድ ነው፣ እርጥበት ስለሚስብ ጣሳው አንዴ ከተከፈተ በኋላ ይጓጉላል፣ ሳይነፋ ከገባ ብስኩቱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይቀርና እሱ ቦታ ይመራል። በውሃ በጥብጣችሁም አትጨምሩት፣ ሊጡ ውሃ ካገኘና ብዙ ከታሸ ብስኩቱ እንደ ቂጣ ነው የሚጠነክረው። ሊጡ ልክ እንደተያያዘ እጃችሁን አንሱ። ደግሞ የነጠረ ቅቤ እንዳታደርጉበት፣ ኮሰረቱና ኮረሪማው ከቸኮሌቱ ጋር ፈጽሞ አይስማማም፣ ለጋ ቅቤ ግን ካልቆየ ጥሩ ነው።

እሳቱ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚፈራው። ኦቨን ከሌለ ትልቁን ብረት ድስት ከሰል ላይ ጥጄ ውስጡ ሦስት ጠፍጣፋ ጠጠር አስቀምጣለሁ፣ በደንብ ሲግል ብስኩቱ የተደረደረበትን ትንሽ ትሪ ጠጠሮቹ ላይ አሳርፌ እከድነውና ክዳኑ ላይ ፍም እበትንበታለሁ፣ ከላይም ከታችም እሳት፣ እናቶቻችን ለድፎ ያደረጉት ነው ሌላ ጥበብ የለውም። የታችኛው እሳት ቀነስ ይበል፣ የላይኛው ጠንከር። ኦቨን ላይ 12 ደቂቃ የሚፈጀው እዚህ 15 ወይ ትንሽ አለፍ ሊል ይችላል፣ ግን ሰዓት ከማየት ማሽተት ይሻላል። ሊጡ ከመጀመሪያውም ቡናማ ስለሆነ በመልክ መብሰሉን አታውቁም፣ ወተትና ስኳር ያለበት ነገር ደግሞ ቶሎ ነው የሚያርረው። ስለዚህ ጠርዙ ሲጠብቅና መሀሉ ገና ለስላሳ እያለ ማውጣት፣ ሲቀዘቅዝ ራሱ ይደርቃል። ገና ለስላሳ ነው ብሎ መልሶ የከደነው ሰው ከሰል ነው የሚያወጣው።

ሌላው ጋዜጦች የማትጽፉት የከፍታውን ጉዳይ ነው። ጎንደር ከባህር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ ውሃ እንኳን እዚህ 93 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው። አየሩ ሳሳ ስለሚል ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣው ጋዝ ከቆላው ይበልጥ ይነፋል፣ ባህር ዳርቻ ላለ ሰው የተጻፈውን አንድ ሙሉ ማንኪያ እንዳለ ካደረጋችሁት ብስኩቱ ተነፍቶ ተነፍቶ መሀሉ ዝቅ ይላል፣ ሴቲቱ ግን ሙያ ስላነሳት ይመስላታል። ግማሽ ማንኪያ ያልኩት ለዚህ ነው። የደባርቅ ሰው ደግሞ ከኛም ከፍ ስለሚል ከዛም ትንሽ ይቀንስ።

አንድ ቀን ትልቋ ልጄ ጣሳው ላይ ያለውን ስታነብልኝ ማልት አለች፣ ማልት ምንድነው ብዬ ስጠይቃት ብቅል ነው አለችኝ። ብቅል! ገብስ ተነክሮ፣ በቅሎ፣ ደርቆ፣ የኛው የጠላው ብቅል። ኦቫልቲን እ.ኤ.አ. በ1904 ስዊዘርላንድ በርን ከተማ የተጀመረ ነው፣ የመጀመሪያ ስሙ ኦቮማልቲን ሲሆን እንቁላልና ብቅል ከሚሉት ቃላት የመጣ ነው፣ ማይሎን ደግሞ በ1934 አውስትራሊያ ውስጥ ነው የሰሩት። የጎንደር ሰው ለብቅል እንግዳ አይደለም፣ ጠላውም አረቄውም አለ፣ ዳሸን ቢራም እዚሁ ነው የሚጠመቀው። ገብሱ ሲበቅል ከስታርቹ ከፊሉ ወደ ስኳር ይለወጣል፣ ያ የተጠበሰ የሚመስል ጣዕም ደግሞ ብቅሉ በሙቀት ሲደርቅ የሚመጣ ነው። ይሄን ካወቅኩ በኋላ ጣሳው ሲወደድብኝ የቤቱን ብቅል ምጣድ ላይ ሽታው እስኪመጣ አመስ አድርጌ አስፈጭቼ በወንፊት ነፍቼ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ከሁለት ማንኪያ ካካዎ ጋር አደርግበታለሁ፣ ስኳሩን ብቻ ወደ ግማሽ ብርጭቆ ከፍ ማድረግ ነው። ሳይታመስ እንዳይገባ ግን፣ ጥሬ ብቅል ሊጡን ያላላዋል እጅ ላይ ይጣበቃል።

ስለዚህ የምለምናችሁ አሰራር ስታወጡ ግራሙን አትተዉት ግን ጎኑ ላይ በብርጭቆና በማንኪያ ጻፉት፣ ለኦቨን የጻፋችሁትን በከሰል እንዴት እንደሚሆን አንድ መስመር ጨምሩበት፣ ለደጋ ከሆነ ቤኪንግ ፓውደሩ ስንት እንደሚቀነስ ንገሩን። ብዙ ቦታ አይፈጅባችሁም። ያን ጊዜ ጎረቤቴ ገጹን አታጥፈውም፣ ቆርጣ ግድግዳ ላይ ነው የምትለጥፈው።

የጾሙን ነገር ደግሞ አንባቢዎች ብትረዱኝ። ኦቫልቲኑ ወተት ስላለበት ለጾም አይሆንም፣ በብቅሉና በካካዎው ቅቤውን በዘይት ቀይሬ እንቁላሉን ትቼ ሁለቴ ሞከርኩት፣ ጣዕሙ ጥሩ ነው ግን ስታነሱት ይፈረፈራል። የተልባ ውሃ ያያይዘዋል ያለችኝ ሴት አለች ገና አልሞከርኩትም፣ የሞከራችሁ ካላችሁ ስንት ማንኪያ እንደሆነ በዚሁ ገጽ ጻፉልኝ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ።

አክባሪያችሁ፣ ከጎንደር ማራኪ